የእግሬ ነገርና እርስዎ የላኩልኝ ናቮት

የተከበሩ እትዬ ኦይዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነዎት? እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ግራ ጆሮዎ ተሻለው ወይስ ዛሬም የሚሰማው ደስ ያለውን ብቻ ነው? የኡርጌንች ንፋስ ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ላሚቱ፣ ጓሮው፣ ሁሉም ደኅና ነው ወይ? እኛ በዚህ በሪሽቶን አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደኅና ነን፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም። ይህን ያልኩት ግን ለደንቡ ነው። የእግሬ እውነት ሌላ ስለሆነ መነጽርዎን አድርገው፣ ደልደል ብለው ተቀምጠው ያንብቡልኝ።

በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። እርስዎ «ምን አልከኝ?» ይላሉ፤ እኔ እጮሃለሁ፤ እርስዎ «ማን ሞተ?» ይላሉ፤ በመጨረሻ ጎረቤቱ በሙሉ የእግሬን ነገር ሰምቶ እርስዎ ብቻ ሳይሰሙ ስልኩ ይዘጋል። ስለዚህ ብዕር አነሳሁ።

ነገሩ የጀመረው ጸደይ ላይ ነው። እግሬን ከጣቶቼ ጀምሮ ያቃጥለኝ ጀመር። አንዳንድ ቀን ጉንዳን ይርመሰመስበታል፤ አንዳንድ ቀን በርበሬ የተቀባ ይመስል ካልሲ እንኳ ሲነካው ያስጮኸኛል። ከዚያ ደግሞ ብሶበት ጭራሽ መደንዘዝ ጀመረ። እርስዎ ያውቁታል፣ እኔ የሸክላ መንኰራኩሩን የማሽከረክረው በቀኝ እግሬ እየመታሁ ነው፤ አባታችንም እንዲሁ ነበር። እጅ ጭቃውን ሲይዝ ፍጥነቱን የሚያውቀው እግር ነው። እግሬ ሥራውን ሲረሳ ሳህኖቼ ይጣመሙ ጀመር። ልጄ ሸራሊ አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረና «አባዬ፣ ይሄ ሳህን ነው ወይስ የአህያ ጆሮ?» አለኝ። እሱ በኤሌክትሪክ የሚዞረውን መንኰራኩር እንዳስገባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወተውተኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሞተር ባዞረው ሳህን ላይ ስሜን አልጽፍም ብዬ ድርቅ ብያለሁ።

በግንቦት አንድ ቀን ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠርቼ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ በደም ርሷል። ጫማውን ባራግፈው አንዲት ሰማያዊ የሳህን ስባሪ ዱብ አለች። ቀኑን ሙሉ ስረግጣት ውያለሁ፤ አንዲት ነገር አልተሰማኝም። ባለቤቴ ቱርሱኖይ ስባሪዋን አንስታ አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝና «አንተ ሰውዬ፣ እግርህን ለማን ነው ያከራየኸው?» ብላ እያዳፋች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ሐኪሟን ያውቋታል፤ የዳቦ ጋጋሪው የማህሙድጆን ልጅ ፌሩዛ ናት። ልጅ ሳለች በኳስ ስንት ሳህን ሰባብራብናለች፤ ዛሬ ነጭ ጋዋን ለብሳ እኔን ትቆጣኛለች። ደሜን ብትለካው ስኳሬ አሥራ አራት ሆኖ ተገኘ፤ ከሰባት ማለፍ አልነበረበትም። «ጋሼ ቶጂቦይ፣ ስኳሩ የእግርዎን ነርቭ እየበላው ነው። ማቃጠሉም መደንዘዙም ከዚያ ነው። ኪኒን እሰጥዎታለሁ፤ ኪኒኑ ግን ብቻውን ምንም አያደርግልዎትም። አፍዎን ይያዙ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ። ቁስሉ ካልዳነ መጨረሻው መቁረጥ ነው፣ አልዋሽዎትም» አለችኝ። የምበላውን ሁሉ የምጽፍበት ደብተርም ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ የኔ ኑሮ ኑሮ አይባልም። ሐልዋ ቀረ፣ ማርማላት ቀረ፣ ነጭ ዳቦ ቀረ፣ ከምላሴ ሥር የማደርጋት ትምባሆ ሳትቀር ቀረች። የተፈቀደልኝ ጎመን፣ ሽንብራ፣ ዓሣ፣ እርጎና እፍኝ የማትሞላ ለውዝ ነው። ፕሎቭ የሚበላው በአንድ ትሪ ነው አይደል? ቱርሱኖይ በትሪው ላይ በካሮት ድንበር ታሰምራለች። ከድንበሩ ወዲህ ያለው የኔ ነው፤ ወዲህ ያለው ግን ሽንኩርትና ቅጠል ብቻ ነው። ሩዙና ሥጋው ማዶ ነው የሚኖሩት። አንድ ቀን ማንኪያዬ ተሳስታ ብትሻገር ቱርሱኖይ በጭልፋ ጣቴን አለችኝና «ፓስፖርትህን አሳየኝ» አለች።

የእግር ጉዞውማ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት መሄድ አለብኝ። የኛን ሰፈር ደግሞ ያውቁታል፤ በየደጁ የተቀመጠ ሁሉ «ና ግባ፣ ሻይ ጠጣ» ይላል፤ ተጠርቶ አለመግባት ደግሞ ቂም የያዙ ያስመስላል። የመጀመሪያው ቀን ለግማሽ ሰዓት ብዬ ወጥቼ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስመለስ፣ አምስት ቤት ገብቼ አምስት ቤት በልቻለሁ፤ የሄድኩት መንገድ ግን መቶ ሜትር አይሞላም። በማግስቱ ዘዴ መጣልኝ። ዶማዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። የመስኖ ተራ የደረሰውን ሰው ማን ያስቆመዋል? ሁሉም «ፍጠን፣ ውሃው እንዳያልፍህ!» እያለ አሳለፈኝ። እንዲህ እየሆንኩ በቀን ሦስት ጊዜ እንደ ወጠምሻ ስንጎራደድ ሰነበትኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የውሃ አባቱ ሳቢርጆን በሬን አንኳኳ። «ቶጂቦይ፣ ያለህ መሬት ምንጣፍ አይሞላም። በቀን ሦስት ጊዜ የማንን ውሃ ነው የምትጠልፈው?» አለኝ። እግሬን ገልጬ አሳየሁት። በጣም አዘነልኝና ሊያጽናናኝ ቤቱ ወስዶ ሻይ በሐልዋ አቀረበልኝ። ሐልዋውን አልነካሁም፤ ይህን በአላህ ስም እምልልዎታለሁ።

ወር ሞልቶ ስኳሬ ሲለካ ወደ አሥራ ሰባት ወጥቷል። ፌሩዛ ደብተሬን ገለጠች፤ ጎመን፣ ሽንብራ፣ ጎመን፣ እርጎ። ቀና ብላ አየችኝ። ቱርሱኖይም አየችኝ። ቤት ስንደርስ ቱርሱኖይ የሥራ ቤቴን ፈተሸችው፤ የቀለም ማሰሮዎቹን ሳይቀር አሸተተች። «የት ነው የምትደብቀው? ንገረኝ፣ አልቆጣም» ትላለች፤ ፊቷ ግን ድሮ ተቆጥቷል። እኔ እምላለሁ፣ እሷ አታምንም። እውነት እትዬ፣ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ፤ ተኝቼ ይሆን እንዴ የምበላው አልኩ።

አሁን እርስዎ ጋ ደረስኩ፤ እንዳይደነግጡብኝ። በስልክ ከጮህኩት ሁሉ ጆሮዎ አንድ ቃል ይዞ ነበር፤ «ታሟል» የሚለውን። ወዲያው፣ ገና በመጀመሪያው ወር፣ በከባድ መኪና ሹፌር ሁለት ኪሎ ናቮት ላኩልኝ። ያ እንደ መስታወት ስባሪ የሚያብለጨልጨውን፣ እናታችን ሆድ ሲቆርጠን፣ ብርድ ሲመታን፣ ፈተና ስንወድቅ ሳይቀር በሻይ እያሟሟች የምታጠጣንን። ቱርሱኖይ ከረጢቱን ተቀብላ «እትዬ ይኑሩልን፣ መድኃኒት ላኩ» አለች። የልጄ ሚስት ዙልሁሞር ደግሞ አንጀቷ የሚራራ ልጅ ናት፤ በጎመኑ ብዛት ስከሳ አየችና «አባባ ደከሙ» እያለች ለእኔ ብቻ በሚፈላው ሻይ ውስጥ ፍንካች ትጨምርልኛለች። ስከሳ ትጨምራለች፤ በጨመረች ቁጥር እግሬ ይብሳል፤ እግሬ በባሰ ቁጥር ደግሞ ይጨመራል።

ሁለተኛው ወር ሞልቶ ሄድን። ፌሩዛ ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ትስላለች። አሳዘነችኝና ከኪሴ አንዲት ፍንካች ናቮት አውጥቼ ሰጠኋት።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ናቮት ነዋ! የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ሆነሽ ናቮት አታውቂም? ከምላስሽ ሥር አድርጊያት፤ ለጉሮሮ ፍቱን ናት።»

«በቀን ስንት ይወስዳሉ?»

«ጠዋት ለሆዴ፣ ቀትር ላይ ለድካሙ፣ ማታ ለእግሬ። ከጉዞ ስመለስ ደግሞ አንዲት ትንሽዬ።»

«ታዲያ ደብተሩ ላይ ለምን አልጻፉትም?»

«ደብተሩ የምግብ ነው፤ ይሄ እኮ መድኃኒት ነው» አልኳት።

ፌሩዛ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ናቮት ከምን እንደሚሠራ ያውቃሉ?» አለችኝ። እትዬ፣ ከገበያው ጀርባ ያለውን የናቮት ሠሪውን ቤት ያስታውሱታል። ስልሳ ዓመት በደጁ ተመላልሻለሁ። ስኳር በጆንያ ሲገባ አይቻለሁ፤ ናቮት በቅርጫት ሲወጣ አይቻለሁ። ሁለቱን ግን አንድም ቀን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም። ቱርሱኖይ ልትሰድበኝ አፏን ከፈተች፤ ጠዋት በገዛ እጇ የሰጠችኝ ሻይ ትዝ አላትና መልሳ ገጠመችው። እርስዎም አይዘኑ። ስንልክ ስንቀበል ሁላችንም እናታችንን ነበር የሰማነው፤ የቆረጠምኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቀልድ የለበትም። ፌሩዛ ጨርቁን ፈትታ ቁስሉን ስታየው ፊቷ ተለወጠ፤ ጠርዙ ጠቁሯል። ቱርሱኖይን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ አነጋገረቻት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቱርሱኖይ ጨዋ ሆነች። «ቶጂቦይዬ፣ ትራስ ልጨምርልህ?» ትለኛለች። «ደከመህ? አይዞህ» ትለኛለች። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር በስሜ ላይ «ዬ» ተጨምሮልኝ አያውቅም። በየማታው እግሬን ለብ ባለ ውሃ ታጥብና በጣቶቼ መካከል ታደርቃለች፤ ከጥሎሿ ጋር የመጣችውን የእጅ መስታወት ከሥር አድርጋ ውስጥ እግሬን ትመረምራለች። ፊቴን ያን ያህል ጊዜ አይታው አታውቅም። አንድም ክፉ ቃል የለም። እትዬ፣ ያኔ ነው የፈራሁት። ዙልሁሞርን አስጨንቄ ጠየቅኋት፤ አለቀሰችና ነገረችኝ። ቁስሉ በስድስት ሳምንት ውስጥ ካልገጠመ ሁለት ጣቶቼ ይቆረጣሉ፤ ካለፈም እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው።

በማግስቱ ሥራ ቤት ብቻዬን ገብቼ እግሬን መንኰራኩሩ ላይ አሳርፌ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። ይህ እግር ከሚሠራው ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ከዚያ ሸራሊን ጠራሁትና «ያን ሞተርህን አምጣ» አልኩት። ልጁ ደስ ይበለው ወይስ ይዘን አላወቀም፤ አምጥቶ ገጠመልኝ። የወጣው የመጀመሪያ ሳህን ቀጥ ያለ ነው፤ ምን ልበልዎት። ስሜን ጻፍኩበት፤ በትንንሽ ፊደል።

የቀረውን ናቮት ዙልሁሞር ጉንፋን ላለባቸው ጎረቤቶች አደለችው። ሻዬን መራራውን ለመድኩ። ፌሩዛ የጻፈችልኝን ሰፊ ጫማ ገዛን፤ ሳላራግፍ እግሬን አላስገባም። ቁስሉን እንዳልረግጠው ጉዞው ለጊዜው ቀርቶ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጅና እግሬን ሳንቀሳቅስ፣ የልጅ ልጆቼ አያታችን ይዋኛል ብለው ሲስቁብኝ ከረሙ።

ያለፈው ሐሙስ ስድስተኛው ሳምንት ሞላ። ፌሩዛ ጨርቁን ፈታች። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ነበር። ቱርሱኖይ ክንዴን ጨብጣኛለች፤ ጥፍሯ ገብቷል። ሐኪሟ መብራቱን አስጠግታ አየች፣ በጣቷ ዳር ዳሩን ነካካችና «ገጥሟል» አለች። ስኳሩ ሰባት ነው። ማቃጠሉ አለ፤ ግን በፊት እሳት የነበረው አሁን ፍም ነው። ሁለቱ ጣቶቼ ዛሬም አይሰሙም፤ ምናልባትም ላይመለሱ ይችላሉ ብላኛለች። እግሬ ግን አይቆረጥም።

ከጤና ጣቢያው ወጥተን ገበያው መሐል ስንደርስ ቱርሱኖይ ቆመች። እኔም ቆምኩ። «አንተ ሆዳም!» ብላ ጀመረች። «አንተ ድንጋይ ቆርጣሚ! የሸክላ ራስ! ስድስት ሳምንት ሙሉ አንጀቴን በላኸው! እግርህን አጥተህ እኔ እያዘልኩህ ልኖር ነበር? ሁለተኛ ኪስህ ውስጥ ነጭ ነገር ባይ እኔው ራሴ ነኝ የምቆርጥልህ!» ሐብሐብ ሻጮቹ ሥራቸውን ትተው ያዩናል፤ አንዱማ «እናቴ፣ ምን አደረገሽ?» ብሎ ጠየቀ። እሷ እየጮኸች ነው፤ እንባዋም ይወርዳል። እትዬ፣ የሐኪሟን ቃል በግማሽ ልቤ ነበር የሰማሁት። እግሬ መትረፉን ያመንኩት እዚያ ገበያ መሐል ነው። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ለባለቤትዎ ለአቶ ራሂምቦይ የከበረ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ለልጅዎ ለኩዋንዲቅ፣ ለሚስቱ፣ ለመንታዎቹ፣ ጥርስ ላበቀለችው ትንሿም ጭምር ሰላም ይበሉልኝ። ቱርሱኖይ እጅ ትነሣለች፤ ይህን ስጽፍ ከአጠገቤ ቆማ «ስለ እኔ ምን ብለህ ነው የምትስቀው?» እያለች ነው። ሸራሊ ጉልበትዎን ይስማል። ዙልሁሞር ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ምንም አላጠፋሽም ብያታለሁ፣ እርስዎም ይበሉልኝ። የልጅ ልጆቼ «አያታችን መዋኘት ተምሯል ብለህ ጻፍላቸው» ብለውኛል። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ታናሽ ወንድምዎ ቶጂቦይ

ሪሽቶን፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2018