አውራዋ ያረፈች ዕለት

ብሬዝኒጻ፣ ጁን 6 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለኔዥካ፣

እንዴት ነሽልኝ የኔ እናት? የግራዝ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? የሆቴሉ ሥራስ ወገብሽን አልጎዳውም? እኛ ደህና ነን። ግን አንድ ጉድ አለና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው ቅዳሜ አባትሽ ባርኔጣውን አውልቆ ገባና «አረፈች» አለኝ። ክው አልኩ! ታማ የሰነበተችው ጎረቤታችን ፍራንችሽካ መስላኝ ጥቁር ሻርፔን ፍለጋ ተነሣሁ።

«ወዴት ነው? አውራዋን ንብ ነው እኮ የምልሽ!» አለኝ። መቼም እኛ አገር ንብ እንደ ሰው ታርፋለች እንጂ እንደ ከብት አትሞትም። «እንቁላል መጣል አቁማ ነበር፤ በሌላ ልተካት ብዬ በጣቴ ጨፈለቅኳት» አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ ከቀፎው ያወጣውን ሰፈፍ ወደ ፀሐይ ባዞረው፣ በየቀዳዳው እንደ ነጭ ክር ቁራጭ የደቀቀ እንቁላል ሞልቷል። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?» አልኩት። አመድ መሰለ። «ደህናዪቱን አውራ ገደልኳት! በቃ፣ ቀፎዎቹ ይሸጡ» አለ። መነጽር ሲባል «ሽማግሌ ነኝ ወይ?» እያለ ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው!

ሰኞ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። «የቅርቡ የማይታይዎት በዕድሜ ነው፤ አርባን ያለፈ ማንንም አይምርም። መነጽር ይበቃዋል» አለችው። እፎይ ልል ስል የዓይኑን ግፊት ለካችና ፊቷ ተለወጠ። «ይሄኛው ሌላ ነው። አያምም፣ ድምፁን አጥፍቶ ዕይታዎን ከዳር ከዳር ይበላል። የጠፋውን አልመልስልዎትም፤ የቀረውን ግን በጠብታ እናቆየዋለን። እንኳን በጊዜ መጡ» አለችው።

የአባትሽ አባት፣ አያትሽ ብላዥ፣ ግድግዳ እየዳበሰ ሲሄድ ሁላችንም «እርጅና ነው» ስንል የኖርነው ለካ ይህንኑ ነው። ዶክተሯም በዘር እንደሚሄድ ነገረችንና «ልጅ አላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

አባትሽ ብድግ አለ። «የኔ ከፈለገ ይጥፋ! ልጄን አሁኑኑ እዪልኝ» አላት። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ «ኔዥካ! ነይ ግቢ!» ብሎ ተጣራ፤ ልክ እንደ ልጅነትሽ ኮሪደር ላይ ተቀምጠሽ የምትጠብቂው ይመስል። ግራዝ መሆንሽ ትዝ ሲለው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አባትሽ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እኔም አለቀስኩ።

አሁን መነጽሩን አድርጎ ንቦቹ ዘንድ ይውላል፤ ጎረቤት አዲስ አውራ ሰጥቶናል፣ መሸጡም ቀርቷል። ጠብታውን ራሴ ነኝ የማደርግለት። «ለልጅቷ እንዳትነግሪያት፣ ትሰጋለች» ብሎኝ ነበር። ትስጋ! አርባ አንድ ዓመትሽ ነው፤ ለፋሲካ መጥተሽ ክር በመርፌ ስታስገቢ ክንድሽን ዘርግተሽ መርፌውን ከዓይንሽ ስታርቂው አይቼሻለሁ። ሥራ በዛብኝ አትበዪኝ፣ በሞቴ፣ በዚህ ሳምንት ሂጂና ተመርመሪ። ነርሷ ወጥታ ስምሽን ስትጠራ፣ የጠራሽ አባትሽ ነው ብለሽ ግቢ።

ማር ይዝነብልሽ ልጄ፤ ብርሃንሽን አይንሳሽ።

እናትሽ ቲልካ