አሥራ አራት ሊትር

ጥር 3

ከምሳ በኋላ ወንድሜ ጋሼ ጋ ሄድኩ። አውሮፕላኑን የሚሠራበት መጋዘን ይበርዳል። ሞተሩን አስነስቶ የመለኪያዎቹ ማሳያ ላይ አፍጥጧል። ገና በሩ ላይ ሳለሁ «ዕቃው ብልሽት አለው» አለኝ። ሞተሩ እየሞቀ የሦስተኛው ሲሊንደር የሙቀት ቁጥር ግን እየወረደ... ሳልነካው ነው ያወቅኩት። ትናንት እኔ በሌለሁበት ነካክቷል።

የሙቀት ሽቦው ሁለት ቀለም አለው፣ ቢጫና ቀይ። ቀይ ሲያይ ፖዘቲቭ ላይ ሰካው። ማንም እንደዚያ ያደርጋል። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ መቆጣጠሪያ ሳጥን ስገጥም ቀይ ማለት ፖዘቲቭ ነበር። የዚህኛው ሽቦ ቀይ ግን ኔጋቲቭ ነው። መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ አራተኛው ገጽ። ማን ያንብበው?

ነቅዬ አዙሬ ሰካሁት። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ።

«አየሽ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ።

ጠርጥሮ ነበር። እሺ።

ጥር 9

የዘይት ግፊት፣ የዘይት ሙቀት፣ የነዳጅ ግፊት... ሁሉም ገቡ። እያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ ላይ ነጭ ፕላስተር ጠቅልዬ ስሙን ጻፍኩበት። ጽሑፌ ደቃቅ ነው፣ ያምራል። ይህን እንኳ ራሴን ባመሰግን ምን አለበት?

ጎረቤቶቹ ጋሼን «ላም አለኝ በሰማይ» ይሉታል። ስድስት ዓመት ሙሉ። እኔ አንድ ቀን አላልኩትም። ባላምንበት ምን ቆርጦኝ ነው ወገቤን አጥፌ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ የምውለው?

አመሻሽ ላይ ሚስቱ ብቅ አለች። እትዬ ደግ ናት፣ ሁሌም ትጠይቃለች። «ምን ላይ ደረሳችሁ?»

«ሽቦውን ጨርሼዋለሁ» አላት ጋሼ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ። እኔ ከመቀመጫው ሥር ነበርኩ። እግሬ ብቻ ነው የሚታየው።

የአባዬ ሬዲዮ ትዝ አለኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከፍቼ የተበጠሰውን አገኘሁና ቀጠልኩት፣ ዘፈነ። አባዬ ከሥራ ሲመለስ «ጎሽ የኔ ልጅ» ብሎ የጋሼን ራስ ደባበሰ። ጋሼ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ጥር 17

የነዳጁ ቀን። ጭራውን አንስተን የእንጨት ማቆሚያው ላይ አሳረፍነው። ውኃ ልክ አስቀምጬ አረፋዋ መሃል እስክትገባ ድረስ ሽብልቅ ጨመርኩ። ጋሼ ተነጫነጨ። «ምን ያስነሣዋል? መሬት ላይ እንዳለ አይለካም?»

አስረዳሁት። አውሮፕላኑ መሬት ላይ እንደ ውሻ ነው የሚቀመጠው፣ አፍንጫው ወደ ላይ፣ ቂጡ መሬት። ነዳጁ ወደ ኋላ ይሸሻል። የምትለካው ተንሳፋፊ ኳስ ደግሞ ከታንኩ ፊት በኩል ናት። ኳሷ ደርቃ ሳለ አንተ ማሳያውን «ዐሥር ሊትር አለ» ብለህ ታስተምረዋለህ። ከዚያ አየር ላይ እውነት ባዶ ሲሆን፣ ዐሥር አለ ይልሃል። «ማሳያ የነገሩትን ነው የሚያምነው» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ።»

ሁለት ሁለት ሊትር፣ ሠላሳ ጊዜ። መቅዳት፣ ረግቶ እስኪቆም መጠበቅ፣ ማሳያው ላይ መመዝገብ። ጋሼ ስምንተኛው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይም ጻፍኳቸው፣ ቀኑን ከላይ። ማሳያውም ቀኑን በሆዱ ይይዛል።

እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ደስ ብሎኛል ግን። ደስ ሲለኝ ልካድ?

ጥር 18

ወገቤ። አልጋ ላይ ዋልኩ።

የካቲት 2

ጋዜጣ ላይ ወጣ። ግማሽ ገጽ። «ከሞተሩ እስከ መጨረሻዋ ሽቦ ድረስ ብቻዬን፣ በገዛ እጄ» ይላል። ፎቶው የማሳያው ጀርባ ነው። ነጫጭ ፕላስተሮቹ ላይ የእጄ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ዘይት ሙቀት። ሲሊንደር 3። ከሥሩ የእሱ ስም።

ደወልኩ።

«ጋዜጠኛ ያሳጥራል፣ አታውቂም?»

«'ብቻዬን' የምትለዋን እሱ ነው የጨመራት?»

«ተይ እንግዲህ። እህቴ አይደለሽ? በኔና ባንቺ መሃል የኔ፣ ያንቺ ምን ያደርጋል?»

ምንም አያደርግም። ሁሉም የሱ ነዋ።

ስልኩን ዘጋሁት።

የካቲት 3

አልሄድኩም።

የካቲት 4

ዛሬም። አልደወለም።

የካቲት 11

እትዬን መንገድ ላይ አገኘኋት። የነዳጅ መለኪያዋ ኳስ መግጠሚያዋ ላይ ታንጠባጥብ ስለነበር በአዲስ ተቀየረች አለችኝ።

«ማን ቀየራት?»

«ራሱ ነዋ። ምነው ጠፋሽ?»

ሥራ በዛብኝ አልኳት። ምን ሥራ አለኝ... አዲስ ከሆነች እንደገና መለካት አለበት። ሠላሳ ጊዜ። ብቻውን? ስምንተኛው ላይ የተቀመጠ ሰው?

የካቲት 14

አላስቻለኝም፣ ሄድኩ። ጋዜጠኛውም አለ። ነገ የመጀመሪያው በረራ ነው፣ ፎቶ ሊያነሳ መጥቷል።

ጋሼ ማሳያውን አብርቶ ያስጎበኘዋል። «ነዳጁንም እኔው ለካሁት። አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሊትር፣ አራት ጊዜ፣ አለቀ። ሰው ያካብደዋል እንጂ...» ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ።

ዓይኔ ማቆሚያውን ፈለገ። ጥግ ላይ ነው፣ በጥር እኔ ያስቀመጥኩበት። ላዩ ላይ የቀለም ጣሳዎች ተደርድረዋል። ጣሳዎቹ ላይ የአንድ ወር አቧራ። ማንም አልነካውም። ጭራው አልተነሣም ማለት ነው። መሬት ላይ እንዳለ ለክቶታል።

አፌን ከፈትኩ። ያኔ ጋዜጠኛው ወደ እኔ ዞሮ «እሳቸው ማን ናቸው?» አለ።

«እህቴ ናት» አለ ጋሼ። ከዚያ ለእኔ፣ «እስኪ ሻይ ነገር ታመጪልን?»

አፌን ዘጋሁት። ሁሉን ብቻውን የሠራ ሰው ሁሉን ብቻውን ይወቀው አልኩ በሆዴ። የእትዬ ኩሽና ገብቼ ሻይ አፈላሁ። ለጋዜጠኛው ሁለት ስኳር፣ ለጋሼ ያለ ስኳር። አመጣሁላቸው።

የካቲት 15

በረረ። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ። «ላም አለኝ በሰማይ» ሲሉ የከረሙት ሁሉ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ሲነሣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ታንኩ ጢም ብሎ ነበር። ሙሉ ታንክ አያሳስትም። የሚያሳስተው ሲጎድል ነው።

ነገ እነግረዋለሁ።

የካቲት 19

አልነገርኩትም። «አጠፋሁ» ቢለኝ እነግረው ነበር። አንድ ቃል ናት። እሷን እየጠበቅኩ ነው? አዎ፣ እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያው... ዝም አይነቅዝም ይላሉ።

የካቲት 26

ሦስት ጊዜ በሯል አሉ። ምንም አልሆነም። ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል።

ወረቀቴን አውጥቼ አየሁት። አልተሳሳትኩም። ጭራው መሬት ላይ እያለ የመጀመሪያው አሥራ አምስት ሊትር ኳሷ ጋ አይደርስም። ያ ማሳያ ባዶን አሥራ አምስት ገደማ ብሎ ተምሯል።

ስልክ ደወልኩ። ተይዟል። መልሼ አልሞከርኩም። ሞክሬያለሁ ለማለት ነበር የደወልኩት መሰለኝ።

የካቲት 29

እትዬ ደወለች። መጀመሪያ ምን እንደምትል አልሰማሁም።

ከበረራ ሲመለስ ሞተሩ አየር ላይ ጠፋበት። የታረሰ ማሳ ላይ ሊያሳርፈው ሲሞክር ተገለበጠ። በሕይወት አለ። ግራ እግሩ ሁለት ቦታ፣ ጎድኑ ሦስት። በሕይወት አለ። ሁለቴ ጻፍኩት።

ማሳያው አልተሰበረም። ካነሱት በኋላ ባትሪ ሲሰጡት በራ አሉ። አሥራ አራት ሊትር አለ ይላል።

መጋቢት 1

ሆስፒታል። ሁለት ጎረቤቶችና ጋዜጠኛው አልጋውን ከበውታል። ጋሼ አንገቱ ታስሯል፣ አፉ ግን ደህና ነው። ስገባ አላየኝም።

«ሽቦውን የሠራችው እህቴ ናት» ይላል። «ማሳያውን ሁሉ እሷ ናት። እኔ ስለ ሽቦ ምን አውቃለሁ?»

ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው። ከሬዲዮው ጀምሮ። እንዲህ ሆኖ ይመጣል ብዬ ግን አልነበረም።

ጋዜጠኛው ዞሮ ሙሉ ስሜን ጠየቀኝ። ዛሬ ማሳጠር አላማረውም።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ለእግሩ ይሁን ለራሴ... እንጃ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር። ነቀዘ።

መጋቢት 6

የአደጋው መርማሪ ጋሼ ክፍል ድረስ መጣ። ጠና ያለ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ የሚጽፍ። የጥሯ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ናት። እሷን አሳይቼ፣ ንጹሕ ነኝ ብዬ፣ ልወጣ ነበር ሐሳቤ።

«ማሳያውን የገጠመው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ስሜን ጻፈ። አውሮፕላኑን በሚመለከት ወረቀት ላይ ስሜ ሲሰፍር የመጀመሪያው ነው። የአደጋ ቅጽ ላይ።

«መጨረሻ ላይ ነዳጁን የለካውስ?»

ጋሼ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«እሱ» አልኩ። ወረቀቷን ሰጠሁት። ማሳያው ከያዘው ቀን ጋር አስተያያትና ራሱን ነቀነቀ። የኔ በጥር፣ የሱ በየካቲት። ሠላሳ ቁጥር፣ አራት ቁጥር። አለቀልኝ፣ ነጻ ወጣሁ፣ ብዬ ቦርሳዬን ዘጋሁ።

«ሁለተኛው ሲለካ ጭራው ተነሥቶ ነበር?»

«መሬት ላይ ነበር።»

«እርስዎ በቦታው አልነበሩም። በምን አወቁ?»

ምንም አላውቅም ማለት እችል ነበር። ወረቀቷ ትበቃኝ ነበር።

«ማቆሚያው ላይ አቧራ ነበር» አልኩ። «ሊበር አንድ ቀን ሲቀረው አይቼዋለሁ።»

ብዕሩን አቆመ። ጋሼ ከነእስሩ አንገቱን እንደምንም አዞረ። ከጋዜጣው ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ ገና አሁን ነው።

«አይተሽ ነበር?» አለኝ። ቁጣ አልነበረውም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ካዩ በኋላስ ምን አሉት?» አለ መርማሪው።

«ሻይ አመጣሁለት» አልኩ።

እሱንም ጻፈው።