ደራሲያንን በባቡር ጣቢያ ያነጋግሩ የነበሩት የአቶ ውባየሁ ገብረሥላሴ ዕረፍት

የአዋሽ ሰባት ኪሎ የአንባቢያን ማኅበር፣ መሥራች አባሉ አቶ ውባየሁ ገብረሥላሴ ግንቦት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በወባ ሕመም በ45 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለምድር ባቡር ሠራተኞችና ለከተማው ሕዝብ በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ማኅበሩ ከመስከረም ወዲህ ሦስት አባላቱን በዚሁ በሽታ አጥቷል። ይህን መሰል ጽሑፍ ማውጣት እንደ ደከመን አንሸሽግም።

አቶ ውባየሁ በ1938 ዓ.ም. ከአንኮበር ወደ አዋሽ መጥተው በባቡር ጣቢያው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆኑ፤ እስከ ዕረፍታቸውም በዚሁ ሥራ አገልግለዋል።

በ1951 ዓ.ም. ማኅበራችን ሲቋቋም፣ ወደ ድሬዳዋ የሚያልፉ ደራሲያን ባቡሩ ለምሳ በሚቆምበት ሰዓት ስለ መጽሐፋቸው እንዲጠየቁ ሐሳብ ያቀረቡት እርሳቸው ናቸው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ደራሲያን ጣቢያው ላይ ተቀምጠው መልስ ሰጥተዋል። አቶ ውባየሁ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ሳያነቡ ማንንም ጠይቀው አያውቁም።

መጋቢት 1957 ዓ.ም. ስለ አዋሽ ሸለቆ የጥጥ ለቃሚዎች ልብ ወለድ የጻፉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ደስታው እንግዳችን ሆኑ። አቶ ውባየሁ፣ «የለቃሚዎቹን ኑሮ ከየት አወቁት?» ሲሉ ጠየቋቸው። ደራሲውም፣ «በዚህ መስመር ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ» አሉ። አቶ ውባየሁ፣ «ባቡሩ እኮ እርሻው ድረስ አይሄድም» ሲሉ መለሱላቸው። ደራሲው ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወደ ፉርጎው ገቡ።

የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ እንግዳ አዋርደዋል በማለት ለአቶ ውባየሁ የጽሑፍ ተግሣጽ ሰጠ፤ ከጠያቂነትም አገዳቸው። እርሳቸው ወረቀቱን ፈርመው ተቀበሉና፣ «ጥያቄው ልክ አይደለም ያለኝ ሰው ግን የለም» ብለው ወጡ።

ኅዳር 1958 ዓ.ም. ደራሲው ሳይታሰቡ ተመልሰው መጡ። ያረፉትም በአቶ ውባየሁ ቤት ነበር። ሁለቱ በጭነት መኪና የጥጥ እርሻው ወዳለበት ወደ ዱብቲ ወርደው ሦስት ሳምንት ከለቃሚዎች ጋር ሰነበቱ፤ አቶ ውባየሁም በዕረፍት ሰዓት መጽሐፉን ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። ከወሎ መጥተው በለቀማ የሚተዳደሩት ወይዘሮ ከድጃ አሕመድ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ «ወላሂ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ነው የሚውለው። እኛ እኮ እንስቃለንም፣ እንጣላለንም፣ ልጅ እንድራለንም» ማለታቸው በአቶ ውባየሁ ማስታወሻ ሰፍሯል።

አቶ ሀብተ ሥላሴ መጽሐፉን እንደገና ጽፈው በ1959 ዓ.ም. አሳተሙ። ስለ አዲሱም ሥራ ከአቶ ውባየሁ በቀር በሌላ ሰው ለመጠየቅ እንደማይፈልጉ ለማኅበሩ ጻፉ። ማኅበሩ እገዳውን ቢያነሣም ተግሣጹን ሳይሽር ቀረ። ጉዳዩ በየስብሰባው «ለሚቀጥለው ይተላለፍ» እየተባለ ዓመት አለፈ።

አቶ ውባየሁ ለለቃሚዎቹ መጽሐፍ ለማንበብ ወደ ዱብቲ መውረዳቸውን አላቋረጡም። ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ሄደው ትኩሳት ይዟቸው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህም አልዳኑም።

በቀብሩ ማግሥት ሥራ አስፈጻሚው ተሰብስቦ ተግሣጹን ሻረ፤ ውሳኔውንም ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሰርክአዲስ አምባዬ ይዞ ሄደ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ወረቀቱን አንብበው እንደ ጨረሱ፣ «ከስብሰባ ሲመለስ፣ ‹ዛሬስ ምን አሉህ?› ስለው፣ ‹ደክሟቸዋል› ይለኝ ነበር» አሉን።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ ለሦስቱ ልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በዱብቲ ንባባቸውን ይጠብቁ ለነበሩት ለቃሚዎች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ቤተሰባቸውንም ይቅርታ ይጠይቃል።

የአዋሽ ሰባት ኪሎ የአንባቢያን ማኅበር
ግንቦት 26 ቀን 1960 ዓ.ም.