ሶላሩ ዋንዛውን ሊያስቆርጠው ነበር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት አደረገህ፣ ተሻለህ ወይስ አሁንም እየደበቅኸን ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔም እማዬም አባዬም ደህና ነን። ‹‹ደህና ነን›› ስልህ ሁልጊዜ እንደማትዋጥልህ አውቃለሁ፤ የዛሬዋን ግን ዋጣት፣ ከልቤ ነው።

ሐሳብህ የእማዬ መድኃኒት ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቅዞ ተቀምጧል። መብራት ቢጠፋም አይሞቅም። ባለፈው በስልክ ‹‹መድኃኒቱ ዳግመኛ ከተበላሸ እማዬ ጄኔሬተር ያለው የአክስቴ ፎቅ ላይ ትግባ›› ያልከው ነገር እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ጠዋት ጠዋት ግቢውን ስትዞር ቅጠሉን ሁሉ እየዳሰሰች፣ እንደሚሰናበት ሰው ሆነችብኝ። አንጀቴን በላችው።

ግቢውን ብታየው አታውቀውም። ያን ከሱቅ እየገዛን የምንተክለውን፣ አንድ ቀን ውሃ ሲቀርበት የሚያኮርፈውን አበባ ትተነዋል። አሁን ያለው ሁሉ እኔ ከምሠራበት ችግኝ ጣቢያ ያመጣሁት አገር በቀል ነው፤ ዝናብ ቢዘገይም ችሎ ይጠብቃል። ዋንዛው ደግሞ ጣሪያውን አልፎ ሄዷል። ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ይግል የነበረው የእማዬ መኝታ ቤት አሁን በእሱ ጥላ ሰው ያስተኛል። እማዬ ዋንዛውን ‹‹ልጅሽ›› ነው የምትለው፤ አላገባሽም ለማለት መሆኑ ገብቶኛል!

አንተ የላክኸውን ሶላር ዝቅተኛው የማድ ቤት ጣሪያ ላይ አሰቀልነው። ለጥቂት ቀን ጥሩ ነበር። ከዚያ ባትሪው አልበረክት አለ፤ ሲነጋ ፍሪጁን ስከፍተው ለብ ብሎ ይጠብቀኛል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጎረቤታችንን ጠራሁት፣ ያን ቶሎ ስለሚቃጠል ‹‹ፊውዝ›› የምንለውን። እሱ የሚመጣው ከሥራ ሲወጣ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የዋንዛው ጥላ በሶላሩ ጫፍ ላይ ሲያርፍ አየና ‹‹ይሄ ዛፍ ይቆረጥ፣ አለቀ›› አለኝ። ጥላው የሚደርሰው ወደ ማታ ብቻ ነው ብዬ ብሟገተው ‹‹እና መድኃኒቱ ይበላሽ?›› አለኝ። ከእማዬ የሚበልጥ ዛፍ የለኝም።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ እኩለ ቀን ላይ መጣሁ። መጋዙን ይዤ መሰላሉን ወጣሁ። ኧረ ጉድ! ሶላሩ ተሸፍኗል። ለእንግዳ ካልሆነ የማናወጣውን ያን ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ነፋስ እንዳይገልጠው በአራት ማዕዘኑ ጡብ ተጭኖበት፣ ተኝቶልሃል!

‹‹አባዬ!›› ብዬ ጮህኩ። ሬዲዮኑን እንደያዘ ወጣና ‹‹ምን ያስጮህሻል? ዕረፍት ላይ እኮ ነው›› አይለኝም!

ዕድሜውን ሙሉ በግንበኝነት ሲኖር፣ ቀትር ላይ ሠራተኛውን ጥላ ሥር ሳያስቀምጥ ውሎ እንደማያውቅ ታውቃለህ። ሶላሩንም እንደዚያው አስቦት ነው። ጠዋት ይሠራል፣ ቀትር ላይ ይሸፈናል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተገልጦ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ ሥራ ላይ፣ ፊውዝ የሚመጣው አመሻሽ ላይ፣ ማን ይየው? ‹‹ልጄ በሰው አገር ለፍቶ የላከውን ዕቃ በአንድ በጋ ላቃጥለው?›› አለኝ። ልቆጣ ስል ሳቄ ቀደመኝ፤ ወዲያው ደግሞ ዕንባዬ መጣ። እንዴት እንደምወደው!

የቀትር ፀሐይ ለሶላሩ ዋናው ምግቡ መሆኑን ሳስረዳው ክው አለ። ‹‹እና ምሳውን ስከለክለው ነው የከረምኩት?›› አለ። ብርድ ልብሱን በገዛ እጁ አጥፎ አወረደ። ከዋንዛው አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ቀነጠስን። ፊውዝ ነገሩን ሲሰማ ሊነድ ምንም አልቀረውም ነበር፤ በኋላ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ። አሁን መብራት መጥፋቱን የምናውቀው ጎረቤት ሲነግረን ነው።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ፣ የአክስቴ ፎቅ ነገር እዚህ ላይ ይብቃ። እማዬም ‹‹መድኃኒቴም እኔም ከቤታችን አንወጣም ብለሽ ጻፊልኝ›› ብላለች። ይህን ስትል ድምፅዋ እንደ ድሮው ቆጣ ያለ ነበር፤ ብትሰማው ደስ ይልህ ነበር።

ባለቤትህን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ትልቋን ልጅህን አክስትሽ የዋንዛ ዘር አስቀምጣልሻለች በላት። ትንሹን ጉንጩን ንከስልኝ። እማዬ ሁላችሁንም አገላብጣ ትስማለች፣ ፊውዝም ሰላም ብሎሃል።

አባዬን ሰላምታህን ንገረኝ ስለው ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገና ‹‹እሱንስ ቀትር ላይ ያሳርፉታል ወይ ብለሽ ጠይቂው›› አለኝ። መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ፣ ደውለህ ለራሱ ንገረው። ካላሳረፉህም አትዋሸው፤ ድምፅህን ያውቀዋል።

እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ሚያዝያ 24 ቀን