የእኔ አክታ፣ ያንቺ ካርድ

ጨለለቅቱ፣ ሐምሌ 9

ውድ ኤልቤቴል፣

ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ ሱሀይል ሐዋሳ ድረስ ይዞልሽ ይመጣል። ሚኒባሱን ነገ ጠዋት ከዲላ ያስነሣል፤ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ። አጎቴ ለምን አልደወልክም እንዳትይኝ። በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ደውዬ ሁለቱንም ጊዜ አስቄሽ ዘጋሁት። ስትስቂ ትንፋሽ ሲያጥርሽ እየሰማሁ፣ የደወልኩበትን ሳልናገር። ወረቀት ላይ የሚስቅልኝ ሰው ስለሌለ መጻፍ መረጥኩ።

እናትሽ እንደነገረችኝ ሐኪሞቹ አልተስማሙም። የሚበዙት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው ብለው ከሰኞ ጀምሮ ከባዱን መድኃኒት ሊያስጀምሩሽ ነው። ዶክተር ጀሚሊያ ግን ሌላ ነገር ጠርጥራለች፤ ከወጣት ሴቶች ሌላ እምብዛም የማይዝ፣ ሳንባን እንደ ወንፊት የሚበሳሳ፣ በሳንባ ሽፋን ውስጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ የሚያጠራቅም በሽታ። እሷን እንዳትወስን የያዘቻት ካርድሽ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፤ ጥቅምት ላይ አክታሽ ተመርምሮ ቲቢ ተገኝቷል የምትለዋ።

ኤልቤቴል፣ ያ አክታ ያንቺ አይደለም። የእኔ ነው።

እዚህ ላይ አቁሚና ይህን ገጽ ለዶክተሯ ስጫት። የቀረውን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ።

ያኔ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ዳገቷን ሦስት ቦታ እያረፍሽ ነበር የምትወጪው። እኔ ደግሞ በሞተር ከኋላሽ እየተከተልኩ፣ "መምህርት፣ ዕድሜሽን ደብቀሽን ነው እንጂ ከእኔ ሳትበልጪ አትቀሪም" እልሽ ነበር። ሳልሽ ደረቅ ነበር። ጤና ጣቢያ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጥተው፣ ጠዋት ከደረትሽ የወጣ አክታ አምጪ አሉሽ። ሁለት ጊዜ በእኔ እጅ ላክሽ። ሁለቱንም ጊዜ የላቦራቶሪው ልጅ ዕቃዋን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና ምራቅ ነው ብሎ መለሰኝ። በሦስተኛው ቀን እንባሽ እስኪወርድ ሳልሽ፤ ዕቃዋ ውስጥ ያለው ግን ያው ነበር።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሞተሬን ሳቆም እኔንም ሳል ያዘኝ። ክረምቱን ሙሉ ጉንፋን ነው ስለው የከረምኩት ሳል። ክዳኗን ከፈትኩ፣ ያንቺን ደፋሁ፣ የራሴን ተፋሁባት። ልጁ አየና "አሁን ገና ቁም ነገር ይዘህ መጣህ ጋሽ ፈለቀ" አለኝ። ከምልልስ ያሳረፍኩሽ መስሎኝ ነበር። በሽታ የለም ይባላል፣ አንድ የሳል ሽሮፕ ይሰጡሻል፣ ለእራት ወሬ ይሆነናል ብዬ እየሳቅኩ ነው የተመለስኩት።

ውጤቱን ሰምተሽ ፊትሽ ተለውጦ የገባሽ ዕለት መናገር ነበረብኝ። አንድ ቤት ነን፣ የምንተነፍሰው አንድ አየር ነው፣ እኔ ካለብኝ እሷም አለባት ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ሰው በቀልዴ ሲከበኝ የኖርኩ ሰውዬ፣ ሰው ሲሸሸኝ ማየት ፈራሁ። ስለዚህ አንቺን እንዲሸሹ ተውኩ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ሙሉወርቅ ቤተሰቡን ልትመረምር መጥታ፣ ሌላ የሚያስለው ሰው አለ ወይ ስትል አጠገቧ እየሳልኩ ነበር። "እኔ የምስለው ሞተሬ ክላክስ ስለሌላት ነው" አልኳት። ወገቧን ይዛ ሳቀች። ምንም ሳትጽፍብኝ ሄደች። አንቺም ጥግ ላይ ተቀምጠሽ ስቀሻል። ያን ሳቅሽን አልረሳውም።

እናትሽ ብርጭቆሽንና ሳህንሽን ስትለይ፣ የግል ዕቃ ያላት ሚኒስትር አልኩሽ። ቸርች ውስጥ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ብቻሽን ስትቀመጪ ዘበኝነት ተሾመች አልኩ። መድኃኒቱ ዓይንሽን ቢጫ ሲያደርገው የበሰለ የቡና ገለባ መሰለች ያልኩም እኔ ነኝ፣ የበሰለ ቡና ቀይ እንጂ ቢጫ እንዳልሆነ እያወቅኩ። የሚያስቅ ነገር ሳጣ ስዋሽ እንኳ አላፍርም ነበር። የእጮኛሽ የይርጉ ሽማግሌዎች ታኅሣሥ ላይ ከገደብ መጥተው ሠርጉ ይቆየን ሲሉ ግን ሳልቀልድ እስከ በር ሸኘኋቸው። ፋሲካ ሳይደርስ ሌላ አገባ።

ስድስት ወር ሙሉ የሌለብሽን በሽታ መድኃኒት ዋጥሽ። ከዚያ ሐዋሳ ላይ ጀርባሽን በመርፌ ወግተው ፈሳሹን ሲቀዱ እኔ ነበርኩ ትከሻሽን የያዝኩሽ። ውሃ ጠብቀን ነጭ ወተት ወጣ። ባለሙያው እጁ ላይ እንደያዘው ቆመ። ካርድሽን አነበበ፣ ጠርሙሱን አየ፣ እንደገና ካርድሽን አነበበ። ሁለቱ አልገጠሙለትም። የማይገጥሙት በማን ምክንያት እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ትከሻሽን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ።

ሃያ ዓመት የቡና መፈልፈያ ማሽን ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ግን የአንዱን ማሽን ብሎን ከሌላው ጋር ቀላቅዬ አላውቅም፤ በየጣሳው ለይቼ ነው የማስቀምጠው። የሰውን ቀላቀልኩ።

ባለፈው ሳምንት ደም ተፋሁ። በራሴ ስም፣ በራሴ እግር ሄጄ አክታዬን ሰጠሁ። አለብኝ። መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ፤ ብርጭቆዬንም ራሴ ለይቻለሁ። የውጤቴን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፣ ለዶክተሯ አሳያት።

ያያያዝኩት ደግሞ ብልኃት ሆኖ አይደለም፤ በአፌ ስናገር የሚያምነኝ ስለጠፋ ነው። መጀመሪያ ለእናትሽ በስልክ ነገርኳት። "ፈለቀ፣ አሁን የቀልድ ጊዜ ነው?" ብላ ዘጋችብኝ። እሑድ አፌን ሸፍኜ ገደብ ወረድኩና ለይርጉ አባት ደጃቸው ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ተናገርኩ። "አንተ ሰውዬ፣ በአክታ ደግሞ መቀለድ ጀመርክ?" ብለው እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። ይርጉ አልሳቀም። ተነሥቶ ወደ ቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ሄደ፤ አመሻሽ ላይ ስነሣም አልተመለሰም። ከነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ያመነኝ እሱ ብቻ ይመስለኛል። እሱም ምን ያድርገው።

ዶክተሯ የጠረጠረችው ከሆነ የሚያድነው መድኃኒት የለም አሉ፤ የሚገታው ግን አለ። እሱን ከወራት በፊት ልትጀምሪው ትችዪ ነበር። ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅርታ ስለምንሽ የምታዝኚልኝ አንቺ ነሽ፣ እኔ ደግሞ ያንንም ቀልድ ላደርገው እችላለሁ። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ሳይደርስ ወረቀቱን ስጫት።

ምናልባት አንብባ ስትጨርስ፣ "አጎትሽ ቀልደኛ ነው እንዴ?" ብላ ትጠይቅሽ ይሆናል። አዎ በያት። "የቀለደውም በእኔ ላይ ነው" በያት።

አጎትሽ
ፈለቀ