ስልሳ ስምንት ደረጃ ለመውጣት የቀረበ ማመልከቻ

ለክቡር አቶ ሙንዚር፣
የሰፈራችን የሰዓት እላፊና የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት (ያውም እንደ ልብዎ በሚንቀሳቀሱበት ሁሉ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በቤተሰብዎና በኮሚቴው ማኅተም ላይ ይሁን እያልኩ፣ ሳንባዎ ንጹሕ፣ ትኩሳትዎ ከሠላሳ ሰባት ያልበለጠ፣ እጅዎም ከመታጠብ ብዛት ያልተላጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ አመልካቹ ረጃኢ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአማን ከተማን ልጆች ውቅያኖስና በረሃ በካርታ ሳሻግር ኖሬ፣ በዚህ በወረርሽኙ ዓመት ከመኝታ ቤቴ እስከ ወጥ ቤት ያለውን ርቀት በእርምጃ እየለካሁ የምውል ሰው ነኝ። አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ምንጣፉ ካላደናቀፈ።

የሚከተሉትን ቅሬታዎች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዓርብ። ከበሽታው በፊት ዓርብ ለእኔ የዕረፍት ቀን ሳይሆን የጭቅጭቅ ቀን ነበር። ጠዋት ፉልና ፈላፍል ለመግዛት መሰለፍ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ልጅና የልጅ ልጅ ቤቱን ሲያምሰው ማየት፣ ከዚያም በሁለት መኪና ታጭቀን ከከተማ ወጥተን በየመንገዱ ዳር ሥጋ የምንጠብስበት፣ ሰው ያልቀደመን ዛፍ ፍለጋ መንከራተት ነበር። «ሰው አንድ ዓርብ እንኳ አርፎ ቤቱ አይቀመጥም ወይ?» እያልኩ ስማረር ዓመታት ቆጠርኩ። አላህም ኮሚቴውም ሰሙኝ። ዓርብን ከነሌሊቱ ስትዘጉት ሁለቱን ሳምንት በደስታ ተኛሁ፤ በሦስተኛው ግን የሥጋ መጥበሻዬን ተሸክሜ ጣሪያ ላይ ወጣሁና ከውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር ምንጣፍ አነጠፍኩ። ባለቤቴ ሰሚሃ ሰላጣውን ይዛ ወጥታ ዙሪያውን ቃኘችና «አቡ ሐዚም፣ ዛፉን የት አደረግከው?» አለችኝ። ጭሱ በተሰጣው የጎረቤታችን አንሶላ ውስጥ ስለገባ እነሆ እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም። ለዚህ ሁሉ ኮሚቴውን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ዒድ ጠዋት። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በዒድ ቀን ያገቡ እህቶቹን፣ አክስቶቹንና የአጎቶቹን ሴቶች ልጆች በየቤታቸው እየዞረ ይጠይቃል፤ ሴቷም ለብሳ አጊጣ፣ መዓሙሏን፣ ያንን ተምር የተሞላ የዒድ ብስኩት፣ በሳህን ደርድራ ትጠብቃለች። ወንድሟ ካልመጣ በጎረቤት ፊት አንገቷን ትደፋለች። እኔ አሥራ አራት ቤት ነበረብኝ፤ ስለዚህ ለአንድ ቤት ሰባት ደቂቃ መድቤ፣ አንዱን መዓሙል ሳልውጥ ሌላው ቤት እየደረስኩ፣ በቀትር ጨርሼ እተኛ ነበር። በዚህ እኮራም ነበር! ዘንድሮ የዒዱን የመጀመሪያ ቀን ማንም ከደጁ እንዳይወጣ ስታደርጉ፣ ከልማድ የተነሳ በጠዋት ተነስቼ ሱፌን ለበስኩ፣ ክራቫቴን አሰርኩ፣ ጫማዬን ወለወልኩና ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሄድኩ። ሰሚሃ እንደ እንግዳ አስቀምጣ መዓሙል አቀረበችልኝ፤ ገና አንዱን ጎርሼ ሳልጨርስ የግድግዳውን ሰዓት አየችና «በል አቡ ሐዚም፣ ሰባት ደቂቃህ አለቀች፤ ሌላ ቤት ይጠብቁሃል» ብላ ሳህኑን አነሳች። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ አሥራ አራት ሴቶች ስንት ዓመት እንዲህ ሲሸኙኝ እንደኖሩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፤ ዋናው ጉዳዬ፤ ስለ እህቴ ፊርያል። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት፣ እሷ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርን፤ ልብሴን አጥባ፣ ፀጉሬን አበጥራ፣ ስሰንፍ በጫማ እየገረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዛሬ የሰባ አራት ዓመት ባልቴት ሆና፣ ከእኛ በላይ ባለው ሰፈር፣ ስልሳ ስምንት ደረጃ በሚያስወጣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ያንን ደረጃ ላለመውጣት ስል በየዒዱ መኪናዬን ከሕንጻው ሥር አቁሜ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደርግ ነበር። እሷም በረንዳዋ ላይ ብቅ ብላ መዓሙሉን በቅርጫት አድርጋ በገመድ ታወርድልኛለች፤ እኔም በመስኮት እጄን አውለብልቤ እበራለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አደረግኩ፣ ክቡር ሆይ። ሰው ሲጠይቀኝ በጉልበቴ አመካኝ ነበር፤ በዚያው ጉልበት ግን የጓደኛዬን አምስተኛ ፎቅ ለካርታ ጨዋታ በሳምንት ሁለቴ እወጣ ነበር።

አምና ቅርጫቱን አወረደችልኝ፤ ባዶውን ነው። ከላይም ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ «ረጃኢ! ለሚመጣው ዒድ በእግርህ ወጥተህ በሬን ካላንኳኳህ ወላሂ ወንድም የለኝም!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ኋላም «ይበርድላታል» አልኩ። ከዚያ በሽታው መጣና በየማታው ዜና የሚጠራው የሟቾች ዕድሜ ሁሉ የእሷ ዕድሜ ሆነብኝ። ፈራሁ። እንደተጣላን እንዳትሞትብኝ ፈራሁ።

ስለዚህ ከዒዱ አንድ ሳምንት አስቀድሜ ለክቡር ኮሚቴዎ አመለከትኩ። በቅጹ ላይ ከተደረደሩት ምክንያቶች መካከል ሕክምና አለ፣ ሥራ አለ፣ ቀብር አለ፤ እህት የሚል የለም። እንግዲህ በኮሚቴው አሠራር ፊርያልን ልጠይቃት የምችለው ከሞተች በኋላ ነው፤ ለዚህ ጥንቃቄያችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከቅጹ ግርጌ በእጄ «እህቴን መጠየቅ» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ በማግስቱ ደረሰኝ፦ «የጠየቁት ጉዞ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።» ዘጠኝ ዓመት እኔም ይህንኑ ስወስን ስለኖርኩ ልከፋ አይገባኝም ነበር። ግን ተከፋሁ፤ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩም።

በዒዱ ሁለተኛ ቀን ለዳቦ በእግር መውጣት ስትፈቅዱ፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ባዶ የዳቦ ፌስታል አንጠልጥዬ ወደ እሷ ሰፈር የሚያወጣውን የድንጋይ መወጣጫ ተያያዝኩት። መሐል ላይ ፂሙ የሸበተ አስር አለቃ ቆሞ ነበር።

«ሐጂ፣ ወዴት ነው?»

«ዳቦ ልገዛ።»

«ዳቦ ቤቱ ከታች ነው እኮ! እርስዎ ወደ ላይ ነው የሚወጡት።»

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፣ ክቡር ሆይ፤ ላይና ታች ጠፍቶኝ ተያዝኩ። ሌላ ውሸት ስላልመጣልኝ እውነቱን ነገርኩት። ፌስታሌን ገልጦ አየና ራሱን ነቀነቀ፦ «ለዒድ እህትዎ ዘንድ ባዶ እጅዎን? ይሄ ነው ወንጀሉ። ይሂዱ፣ እኔ ወደ ታች እያየሁ ነው።» ስሙን አልጠየቅኩም፤ ኮሚቴው ቢጠይቀኝም መልኩን ረስቼዋለሁ።

እየቃተትኩ ደረስኩ። የሕንጻው በር ላይ ቀይ ሪባን ተወጥሯል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሽተኛ ስለተገኘ ከትናንት ጀምሮ መግባትም መውጣትም ክልክል ነው ይላል፣ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ። እሱን እንኳ አልቃወምም፤ በሽታ በሽታ ነው። ግን በእግሬ በመጣሁበት በዚያ ቀን፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መኪናዬን ባቆምኩበት ቦታ ቆሜ ቀረሁ።

ክላክስ ስለሌለኝ በአፌ ተጣራሁ። እሷ ከመውጣቷ በፊት የጎረቤት በረንዳ ሁሉ በሰው ሞላ።

«መኪናህ ተሰረቀ እንዴ?» አለች ፊርያል ከላይ።

«በእግሬ ነው የመጣሁት፣ እህቴ። ልወጣልሽ ፈልጌ ነበር፤ ኮሚቴው ከለከለኝ።»

«ኮሚቴው የከለከለህ ከትናንት ወዲህ ነው። ዘጠኙን ዓመት ማን ከለከለህ?»

ክቡር ሆይ፣ ለጥያቄዋ መልስ ካላችሁ እባካችሁ በጽሑፍ ላኩልኝ። «ጉልበቴን ስለሚያመኝ…» ብዬ ስጀምር «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም!» ብላ ገባች። አለቀ አልኩ። የበረንዳዋን በር እያየሁ እንደ ሞኝ ቆምኩ። ትንሽ ቆይታ ግን ወንበር እየጎተተች ተመለሰችና ተቀመጠች፤ «በል አንተም ተቀመጥ፤ ከስተሃል» አለችኝ። አስፋልቱ ላይ ከነሱፌ ተቀመጥኩ። የሰዓት እላፊው ሳይረን እስኪጮህ ድረስ ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ ጥርሴ፣ ስለ ሟች እናታችን እየተጯጯህን አወራን፤ የሦስተኛ ፎቅ ሰዎችም ስለ ደም ግፊቱ ምክር ጨመሩበት። እንዲህ ተጫውተን የምናውቅ አይመስለኝም። ስነሳ ግን «ይሄ ጉብኝት እንዳይመስልህ፤ መሐላዬ መሐላ ነው። እስከ አረፋ ታገሥኩህ፣ በሬን ታንኳኳለህ» አለችኝ።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ እሱ ግን በራሴ ላይ ስለሆነ ኮሚቴውን አላስቸግርም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለአረፋ በዓል የፊት መሸፈኛዬን አድርጌ፣ እጄን ታጥቤ፣ ማንንም ሳልነካ ስልሳ ስምንቱን ደረጃ ወጥቼ አንዲት በር እንዳንኳኳ ይፈቀድልኝ። በሩን ባትከፍትልኝም ቅር አይለኝም። ያለ ፈቃድ ለወጣሁበት ቀን የሚገባኝን ቅጣት ሱፌን ለብሼ እቀበላለሁ።

ለሕዝብ ጤና እንቅልፍ ያጡት ዓይኖችዎ ይህችን ማመልከቻ ከነቅሬታዋ ለማንበብ ጥቂት ብርሃን እንዲተርፋቸው እየጸለይኩ፣ ከበረንዳዬ ላይ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ታዛዥዎ፣ የቀድሞው ባለ ሰባት ደቂቃ ዘመድ፣
ረጃኢ (አቡ ሐዚም)

ድኅረ ጽሑፍ፤ ከሕንጻችን ጀርባ በምድር ቤት የምትኖረው ወይዘሮ ናዚሃ ለካ የእርስዎ ታላቅ እህት ናት! በዒዱ ሦስተኛ ቀን ባለቤቴ ከመስኮት ሆና «ወንድምሽ መጣ ወይ?» ብትላት፣ «ሙንዚርማ ሥራ በዝቶበት ነው፤ የሰው ፈቃድ እየመረመረ ነው» አለቻት። በዚህ ሰፈር የመንቀሳቀሻ ፈቃድ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ከእርስዎ ሌላ አላውቅም። ሦስቱንም ቀን አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ በሯን ከፍታ ተቀምጣ ነበር።