የጋሽ ደምሴ ቮልስ

ኅዳር 3 ቀን 1995፣ ጠዋት 1፡20

ባሌን ታደሰን አልብሼዋለሁ። የግራ እጁን እጅጌው ውስጥ አስገብቼ፣ ከዘራውን አስይዤ፣ በሩ ላይ አቁሜዋለሁ። ማክሰኞ ነው፤ ፊዚዮቴራፒ አለው። መኪና ላስነሳ ወጣሁ። መኪናው የለም።

ሁልጊዜ በማቆምበት የአጥሩ ጥግ የዘይት ጠብታ ብቻ አለ። ከዚያ የሞኝ ሥራ ሠራሁ፤ እስከ አስፋልቱ ሄጄ ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁ፣ ምናልባት ተንከባሎ ሄዶ እንደሆነ ብዬ። የተሰበረ መስታወት የለም። ጎረቤት የሰማ የለም። በሌላ ቀን ባልና ሚስት በሹክሹክታ ቢጣሉ ካዛንቺስ በሙሉ ይሰማል። ዛሬ ሁሉም ደንቁሯል።

ታደሰ አሁንም በሩ ላይ ቆሟል። ልሂድና ልንገረው።

ያው ቀን፣ 11፡00

ፖሊስ ጣቢያ ዋልኩ። ከት/ቤት ቀረሁ። ም/ሳጅኑ ትሑት ሰው ነው፤ የሚያናድደኝም ትሕትናው ነው። ቃሌን ቀስ ብሎ፣ በሚያምር ጽሕፈት ጻፈ። ማንን እንደምጠረጥር ጠየቀኝ። ማንንም አልኩ። ማንንም የሚባል ተጠርጣሪ የለም አለኝ። ሊብሬውን ጠየቀኝ። ቤት ነው አልኩ። አልዋሸሁም፣ ቤት ነው።

ግን ላንቺ ልንገርሽ፣ ደብተር፤ ለሌላ ሰው አልናገረውም። ሊብሬው በስሜ አይደለም። ጋሽ ደምሴ የት/ቤታችን ጸሐፊ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ከባዕድ ለእናንተ ይሁን ብለው ቮልሳቸውን ሸጡልን። አራት ዓመት ሆነው። ገንዘቡን ሳሎናቸው ውስጥ ቆጥረን ስንሰጥ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አብረው ተቀምጠው ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም። የሽያጭ ውል የለም። ስም ለማዞር ግብር አለ፣ ወረፋ አለ፤ እንደ ሰው ሁሉ በውክልና ይነዳ፣ ቀስ ብለን እናዞረዋለን ተባባልን። ከዚያ ታመሙ። የሚሞት ሰው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ጋሼ ነፍስዎ ሳይወጣ ይነሡና ስም እናዙር ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። ሦስት ጊዜ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ፣ ብርቱካኑን ሰጥቼ ተመለስኩ። በፍልሰታ አረፉ።

ኅዳር 5፣ ማታ

የተሰረቀ መኪና ለመፈለግ ዛሬ መኪና ተከራየሁ። ም/ሳጅኑ ቡልጋሪያ አካባቢ ያሉትን ጋራዦች እንይ አለ፤ የጣቢያው መኪና ግን ነዳጅ የለውም። ባለጉዳይ ታክሲ ያመጣል፣ ልማድ ነው አለኝ። አመጣሁ። እሱና ሌላ አንድ ፖሊስ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። ጋራዦቹ ሁሉ ያውቁታል፤ ወንበር ያወጡለታል። የአንዱን ኮፈን ያነሣል፣ የሌላውን ታርጋ ያያል፣ ይጨዋወታል። የኛ ቀለም ሰማያዊ መሆኑን ሁለት ጊዜ አስታወስኩት። ምሳ ሰዓት ሆነ፣ በሉ። እኔ ጋበዝኩ ይባላል።

ፍለጋው ይቀጥላል ብሎ በራፌ ላይ ወረደ። ቤቱ በዚያ በኩል ነው።

ኅዳር 6፣ ከሰዓት 8፡30

ዓርብ። ደግሞ ፊዚዮ። ታደሰን በታክሲ ልውሰድ ብዬ ሞከርኩ። ሦስቱ አልቆሙም። አራተኛው ቆመ፤ ታደሰ አንድ እግሩን አስገብቶ ሁለተኛው ገና አስፋልት ላይ እያለ ታክሲው ተንቀሳቀሰ። ያዝኩት። አልወደቀም፣ ከዘራው ግን ጎማው ሥር ገባ። አንዲት ሴትዮ ከውስጥ ሆና፣ ሽማግሌ ይዘሽ በሥራ ሰዓት ምን አወጣሽ አለችኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው።

ወደ ቤት ተመለስን። እጁ በዚህ ወር ማንኪያ መያዝ ጀምሮ ነበር። ባለሙያዋ እንዳታቋርጡ፣ ካቋረጣችሁ እንደተጨበጠ ይቀራል ብላናለች። ዛሬ ጡጫውን በእጄ ለማላላት ሞከርኩ። አመመው። መናገር የሚችለውንም አይናገርም ይኼ ሰው።

ኅዳር 12፣ 12፡00

ተገኘ። ያገኘው ግን ፖሊስ አይደለም። አብራኝ የምታስተምረው አስቴር ቤቷ ቂርቆስ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አየሁት አለችኝ። የት ግቢ? የጋሽ ደምሴ ግቢ።

ከካዛንቺስ እስከዚያ በእግሬ ሄድኩ። ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ሰፈር ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል፣ ዓይኔ እያነባ ደረስኩ። እትዬ ዘነበች ከፈቱልኝ። ልጠይቃቸው የመጣሁ መስሏቸው ደስ አላቸው፣ ሳሙኝ። ቮልሱ ሸራ ለብሶ ከኋላቸው ቆሟል። ልጃቸው ብሩክ፣ ባሏ ስለታመመ መልሳዋለች ብሎ ነግሯቸዋል። አመስግነውኝ ሊሞቱ። አልመለስኩም እትዬ፣ ከደጄ ነው የተወሰደው አልኳቸው። ፊታቸው ላይ የሆነውን አልጽፈውም።

ብሩክ ወጣ። ያፍራል ብዬ ነበር። አላፈረም። ትርፍ ቁልፉ ከአባቱ መሳቢያ ውስጥ ነበረ፤ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የአባቱ ነው፤ ወራሽነቱን በፍ/ቤት አስመዝግቧል። አባቴ አዋሳችሁ እንጂ አልሸጠም አለኝ። እትዬ ዘነበች አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «ብሩኬ፣ እኔ ቁጭ ብዬ?» ወደ ቤት ግቢ አላቸው። ገቡ።

ቁልፉን መለወጥ እንኳ አላሰብኩም። አራት ዓመት ሙሉ።

ኅዳር 13፣ 9፡00

ም/ሳጅኑ ሊብሬውን አየ። ውክልናውን አየ። ጋሽ ደምሴ መቼ እንደሞቱ ጠየቀኝ። ከዚያ በዚያ ትሕትናው አስረዳኝ። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናውም ይሞታል። ስለዚህ ከነሐሴ ጀምሮ የሰው መኪና ስነዳ የነበርኩት እኔ ነኝ። ልጁ የአባቱን መኪና ወደ አባቱ ግቢ አስገባ እንጂ አልሰረቀም። ስርቆት የለም፤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ብሩክ ቢከሰኝ ግን ነገሩ ሌላ ነበር አለ፤ ዕድለኛ ነኝ ማለቱ ነው።

መዝገቡን ዓይኔ እያየ ዘጋው። ምን ብሎ እንደዘጋው ታውቂያለሽ? «ተሽከርካሪው ተገኝቷል»። በወሩ ሪፖርት ከተገኙት መኪናዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። እኔም፣ ያገሬ ሰው፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ሜክሲኮ እስክደርስ ድረስ ራሴን ስሳደብ ነበር።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ሦስት ሽማግሌ መጣ። ብሩክ ነው የላካቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰው ሶፋው ላይ ተደርድረው ስለ ሰላም፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ሟች አጥንት ተናገሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነገራቸው ወጣ። መኪናው እዚያው ይሁን፤ ብሩክ ግን ለነፍሱ ሲል፣ ሲመቸው፣ ታደሰን ሐኪም ቤት ያደርሰዋል። በገዛ መኪናችን ሊመጸውተን ማለት ነው። የመሐለኛው ሽማግሌ በሐሳቡ ተደስቶ ፈገግ አለ።

አይሆንም ከማለቴ በፊት ታደሰ ተናገረ። ከሳምንት ዝምታ በኋላ ያወጣት ቃል ይቺ ናት፤ ይቅር። ይቅርላቸው፣ እኔ እቤት እቀመጣለሁ።

ሽማግሌዎቹ መረቁት። በር ድረስ ሸኘኋቸው። ተመልሼ ጮኽኩበት። ከታመመ ወዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌበት አላውቅም። እጅህ የማን ነው፣ የነሱ ነው እንዴ አልኩት። በደህና እጁ የታመመውን ሸፈነ።

ኅዳር 25

ፍ/ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ወረቀቶቼን አገላብጦ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። የሽያጭ ውል ከሌለ ምስክር ይኑር አለ። ገንዘብ ሲሰጥ ያየ ሰው። ከኔና ከታደሰ ሌላ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው።

የብሩክን እናት ጥሪ ማለት ነው። ጊዜ ስጠኝ አልኩት።

ታኅሣሥ 2፣ ማታ 1፡30

እትዬ ዘነበች መጡ። በእግራቸው፣ ከቂርቆስ፣ በዚያ ጉልበታቸው። ሽማግሌዎቹ አልተሳካላቸውም ሲባል ፍ/ቤት እንደምሄድ ገብቷቸዋል። ታደሰ አጠገብ ተቀምጠው እጁን አሹለት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሊዘረጉ ሞከሩ፤ ሁለቱ እምቢ አሉ።

ስለ ቮልሱ ሳላነሣ እሳቸው አነሡ። ገንዘቡን እኔም አብሬ ቆጥሬዋለሁ አሉ። ከዚያ እጄን ያዙ። «ልጄ፣ ከጠራሽኝ ወንጌል ይዤ አልዋሽም። አልችልበትም። ስለዚህ አትጥሪኝ።» ያላቸው አንድ ልጅ ነው። በፍ/ቤት ፊት ሌባ ካሉት በኋላ አንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደሚያድሩ፣ ሲሞቱ ማን እንደሚቀብራቸው ጠየቁኝ። ሻይ አቀረብኩ፣ አልጠጡም። እስከ መታጠፊያው ሸኘኋቸው፣ ክንዴን ይዘው።

ውሸታም ቢሆኑ ኖሮ እንዴት ቀላል ነበር። እሳቸውን መጥላት ፈልጌ አልሆነልኝም። ስለዚህ ም/ሳጅኑን ጠላሁ፣ ብሩክን ጠላሁ፣ ከሁሉም በላይ ያቺን ብርቱካን ይዛ የምትመላለስ ጨዋ ሴትዮ ጠላኋት።

ታኅሣሥ 9፣ 12፡45

ዛሬ ታደሰ ማንኪያውን ጣለ። አነሣሁለት። ደግሞ ጣለው። ሦስተኛ ጊዜ እንዳላነሣው በዓይኑ ለመነኝ፣ በቀኙ በላ። ግራው ጭኑ ላይ ነበር፣ ተጨብጦ።

ሳህን ሳላጥብ ተቀመጥኩ። ማመልከቻው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከአንድ ቦታ በስተቀር ሁሉም ተሞልቷል። የምስክር ስም። ጻፍኩት። ወ/ሮ ዘነበች፣ ከነአድራሻቸው፣ ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ በምጽፍበት ጽሕፈት። ለታደሰ አልነገርኩትም። ይቅር ይለኛል፣ ወይም አይለኝም።

ማመልከቻው ነገ 3፡00 ላይ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን ቂርቆስ እሄዳለሁ። በመጥሪያ አይስሙት፣ ከኔ አፍ ይስሙት፤ ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ። ጠዋት ከኪዳን ሲመለሱ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ። እንደ ልማዳቸው ሊስሙኝ ይመጣሉ። ከመሳማችን በፊት ልንገራቸው ወይስ ከተሳሳምን በኋላ፣ እሱን ገና አልወሰንኩም። እትዬ እላለሁ። እትዬ፣ ስምዎትን…